ጀመዓ፣ ገና ባልወጣ ጌም አታጣሉን

ትናንት ማታ ፒያሳ ካለው ጌም ቤት ተናድጄ ነው የወጣሁት። ስለ ዊቸር 4 ጌም «እስኪ መጀመሪያ ይውጣ» ያለ ሰው ምቀኛ ነው እንዴ?

ጠቡን ያመጣው በጁን 2025 የተለቀቀው ቪዲዮ ነው። የጌሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ሲሪ ፈረሷን ትጋልባለች፣ ገበያው በሰው ተጥለቅልቋል። ጓደኛዬ ስልኩን ዓይኔ ላይ ደቅኖ «ይኸው ጌሙ! በተራ ፒኤስ 5 (ፕሌይስቴሽን 5)፣ በሰከንድ በ60 ፍሬም!» ይለኛል። ወላሂ እኔንም አማረኝ። ግን ሠሪዎቹ ራሳቸው ጌሙ የሚሠራበት ሶፍትዌር፣ የአንሪል ኢንጂን 5፣ አቅም ማሳያ ነው፣ ከጌሙ የተቀዳ ጨዋታ አይደለም ብለዋል። ይህን ስናገር ጌም ቤቱ በሙሉ ጮኸብኝ።

ሳይበርፐንክ 2077ን የሠራው እኮ ይኸው ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ ነው! ኤፕሪል 2020 ተባለ፣ ሴፕቴምበር ተባለ፣ ኖቬምበር ተባለ፣ ዲሴምበር 10 ወጣ። ፒኤስ 4 ላይ ይንቀራፈፋል፣ በመሃል ይዘጋል። ሳምንት ገደማ ሲሆነው ሶኒ ከመደብሩ አነሳው፤ የመለሰው በጁን 2021 ነው። ዛሬ የምናወድሰው ሳይበርፐንክ በ2023 ከ2.0 አፕዴት በኋላ ያለው ነው።

ሌላ አገር ያለ ልጅ አፕዴቱን በዋይፋይ ለቆት ይተኛል። እኛስ? ስንት ጊጋ ፋይል በሞባይል ፓኬጅ ስናወርድ፣ 80 በመቶ ላይ መብራት ሲሄድ፣ ያንን ማን ያስባል? ለእኛ የተበላሸ ጌም ሁለት ጊዜ ነው የሚያስከፍለን።

ዊቸር 3ም ቢሆን በ2015 ሲወጣ ግራፊክሱ ቀድሞ ከታየው አንሷል ተብሎ ስንት ተጮኸ። የወደድነው በታሪኩ ነው። አንዲት ተራ የመንደር ሥራ ትቀበልና ስትጨርስ ማንን እንደበደልክ እያሰብክ እንቅልፍ ታጣለህ። ከዊቸር 4ም የምጠብቀው ይህንን ነው፤ ሌላውን ወጥቶ አየዋለሁ።

ያናደደኝ ግን ጩኸቱ አይደለም። ያ ጓደኛዬ ዕቁቡ በሚቀጥለው ወር ሲደርሰው ለዊቸር 4 ብሎ ፒኤስ 5 ሊገዛ ነው። ኩባንያው ጌሙ እስከ 2026 መጨረሻ አይወጣም ብሎ ተናግሯል! ሱቅ ቆሞ፣ ምሳ እየዘለለ የጣለው ብር ነው።

ወንድሜ፣ አትቀየመኝ። ዊቸር 3ን ገና ግማሽ ላይ ነህ፣ ፒኤስ 4ህም ደህና ነው። ዲስኩ እኔ ጋ አለ፤ ነገ ከመግሪብ በኋላ መጥተህ ውሰድ።