ድርቅ ያላፈረሰውን ቤት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። መጀመሪያ ግን የሆነውን ስሙኝ።

ባለፈው ጥር ላስታ ገጠር ያለው የቅድመ አያቴ ቤት ፈረሰ። ክብ፣ ባለ ደርብ፣ ቀይ ድንጋይ። ላሊበላ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ያሉትን የድንጋይ ጎጆዎች ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከብት ከታች፣ ሰው ከላይ። ምሶሶው ወይራ ነበር፤ ባሕር ዛፍ አገሩን ሳይሞላው በፊት የተቆረጠ። ጭስ ሲጠጣ ስለኖረ ምስጥ አልደፈረውም። ከታች በኩል የጥጃ ገመድ የበላው ቦይ አለው። ልጅ ሆኜ ጣቴን ስከተው ውጦ ያስቀረው ነበር።

ቅድመ አያቴ ባለርስት ነበሩ። የየካቲት 25 ቀን 1967 አዋጅ መጣ፤ ርስቱ ሄደ፣ ቤቱ ተረፈ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ደግሞ ምሶሶው ላይ የሚታሰር ጥጃ ጠፋ። አጎቴ በሰፈራ ወደ መተከል ተጫነ። አያቴ ብቻዋን ቀረች። “ቤት እሳት ካጣ ይፈርሳል” እያለች የሚበስል ነገር በሌለበት ማታ እንኳ ምድጃውን ታነድ ነበር።

እኛ ግን በሁለት ቀን ናድነው። በቦታው ቆርቆሮ ቤት ቆመ። ምሶሶው ለመጥረቢያ አልበገር ሲል በመጋዝ ተከታትፎ ማገዶ ሆነ። ለምኑ ቢሉ፣ ለአዲሱ ቤት ምረቃ ድግስ! ቪዲዮው ተልኮልኛል። ሰው ያጨበጭባል።

ምን ነካን? ላሊበላ ሲሆን ቅርስ፣ የእናታችን ቤት ሲሆን “የድሮ ጎጆ”! ክዳኑ ካፈሰሰ ክዳኑን መቀየር ነው፤ ግድግዳው ምን አጠፋ?

እናንተን ብቻ ብወቅስ ግን ውሸታም ነኝ። የቆርቆሮውን ብር የላክሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ደውሎ “አሮጌውን ምን እናድርገው?” ሲለኝ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። “እንደሚመቻችሁ” አልኩት፤ ስልኩን ዘጋሁ። አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ በእሳት ያቆየችውን እኔ በአንዲት ቃል። ያቺን ቃል እናንተም ብላችኋታል፤ አውቃችኋለሁ።

ድንጋዩ አሁን ግቢው ጥግ ተከምሯል። ለአጥር የሚገዛ ሰው መጥቷል አሉ። ትናንት ደወልኩ። “እንዳትሸጡት፤ ለፋሲካ እመጣለሁ። ክብ አድርጎ መካብ የሚያውቅ ፈልግልኝ።”

“አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ዓይናቸው ግን ደክሟል።”

“ቁጭ ብለው ይንገሩን፤ እኛ እንካብ።”

ወንድሜ ዝም አለ። ቆይቶ፣ “እስኪ” አለኝ።