አሊ ቢራን በፊልም ለማየት አልቸኩልም

አጎቴ ዕድሜውን በምድር ባቡር የጨረሰ የድሬ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ማታ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከዚራ ባለው ቤቱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ፊልም ማየት ይወዳል። በቀደም አብሬው «ቦሄሚያን ራፕሶዲ»ን አየሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ የኩዊን ባንድ ድምፃዊ የነበረውን የፍሬዲ መርኩሪን ሕይወት የሚተርክ ፊልም ነው። መጨረሻው ላይ ዌምብሌይ ስታዲየም በሰው ተጥለቅልቆ ሲታይ አጎቴ ቀና አለና «ይሄ የእኛ የሰባ ሰባቱ አይደል እንዴ?» አለኝ።

ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ወሎና ትግራይ ላይ ሰው በረሃብ እያለቀ ሳለ፣ ለእኛ እርዳታ ለማሰባሰብ በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው ላይቭ ኤድ ነው። ፊልሙ ውስጥ ፍሬዲ ከኮንሰርቱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ኤድስ እንደያዘው ለጓደኞቹ ይነግራቸዋል። ተለያይቶ የነበረው ባንድ ይታረቃል። ስለዚህ መድረኩ ላይ ሲወጣ የስንብት ዘፈን የሚዘፍን ይመስላል። አለቀስኩ፤ አጎቴም ዓይኑን ጠራረገ።

በኋላ ጉዳዩን ሳነብ ግን ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። የሕይወት አጋሩ የነበረው ጂም ኸተን እንደጻፈው ፍሬዲ ሕመሙን ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ከኮንሰርቱ ሁለት ዓመት በኋላ። ባንዱም አልተበተነም ነበር። ከላይቭ ኤድ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ጃፓን ውስጥ አብረው እየተጫወቱ ነበር።

ፊልም ሠሪ ጊዜ ቢያቀራርብ፣ ሦስት ሰው የተናገረውን በአንድ ሰው አፍ ቢያደርግ አልቀየምም። ሁለት ሰዓት ውስጥ ዕድሜ ልክ አይገባም። እዚህ ላይ የጠፋው ግን ቀን ብቻ አይደለም። እውነተኛው ሰውዬ በዚያ ቀን መድረክ ላይ የወጣው ሞቱን አውቆ ሊሰናበት አልነበረም። ጤነኛ ነኝ ብሎ፣ ዝናው እንዳለ፣ አይቷቸው ለማያውቅ ረሃብተኞች ሃያ ደቂቃ ሊዘፍን ነው የወጣው። ለእኔ ይህ ከፊልሙ ታሪክ ይበልጣል። ፊልሙ ቀኑን ለአንድ ሰው ሕመም ሲሰጠው፣ ኮንሰርቱ የተደረገላቸው ሰዎች ከታሪኩ ጠርዝ ላይ ቀሩ። አጎቴ ያንን ዓመት ያስታውሳል፤ «ስንት ሰው ነው ያለቀው አቦ!» ብሎ ዝም አለ። ፊልሙን ከዚያ በኋላ አልተከታተለውም።

የዓይነ ስውሩ አሜሪካዊ ዘፋኝ የሬይ ቻርልስ ፊልም ደግሞ በሌላ መንገድ ያስተምረኛል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ሬይ» ሄሮይኑንም፣ በሚስቱ ላይ የፈጸመውንም ክህደት አልደበቀም። ሬይ ራሱ ስክሪፕቱን በብሬል አንብቦ ፈቅዷል፤ ፊልሙ ሲኒማ ሳይደርስም አረፈ። ድፍረቱን አከብራለሁ። ይሁን እንጂ ይህ ፊልም እንኳ ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ በሚቀመጥበት አዳራሽ አልዘፍንም በማለቱ የጆርጂያ ግዛት ዕድሜ ልኩን እንዳገደችው ይነግረናል፤ በስተመጨረሻም እገዳው ሲነሳ ያሳያል። እውነቱ እ.ኤ.አ. በ1961 ኦገስታ ከተማ ላይ ኮንሰርቱን ሰርዞ የገንዘብ ቅጣት መክፈሉ ነው። ታግዶ አያውቅም። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ1979 የእሱን ዘፈን የግዛት መዝሙር አድርጋ መርጣለች፤ ይህ እውነት ነው። ፊልሙ በዚያ አልረካም፤ ይቅርታ የሚጠይቅ መንግሥትና ይቅር የሚል ጀግና አስፈለገው። የሱሰኛውን ገመና ለመናገር የደፈረ ፊልም፣ መጨረሻውን ለማሳመር ሲል ዋሸ።

ሌላው ጣጣ ፈቃድ ነው። ዘፈኑ የሌለበት የዘፋኝ ፊልም ማን ያየዋል? ዘፈኑ ደግሞ ባለቤት አለው። ስለ ቦብ ማርሊ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ፊልም ከአዘጋጆቹ መካከል ባለቤቱና ልጆቹ አሉበት። በፍቅር እንደሠሩት አልጠራጠርም፤ ግን ልጅ ስለ አባቱ የሚናገረው ለልቅሶ ቤት የሚሆነውን ነው። የእንግሊዛዊቷን ዘፋኝ የኤሚ ዋይንሃውስን ዘጋቢ ፊልም አባቷ በአደባባይ ተቃውሞታል፤ እኔ ካየኋቸው ሁሉ ግን ለሰውየዋ የቀረበው እሱ ይመስለኛል። የተሠራው በተዋናይ ሳይሆን ከልጅነቷ ጀምሮ በተቀረጹ ምስሎችና በሚያውቋት ሰዎች ድምፅ ነው። ያ ሁሉ የተቀረጸ ነገር ባይኖር ፊልሙም አይኖርም ነበር።

እኛስ ምን አለን?

ሐረር ጀጎል ውስጥ የራምቦ ቤት የሚባል ያማረ የእንጨት ቤት አለ። እንግዳ ሲመጣ የምንወስደው እዚያ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር ኖሯል፤ ቡናና የጦር መሣሪያ ነግዷል። ቤቱ ግን እሱ እ.ኤ.አ. በ1891 ከሞተ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። እሱ የኖረበትን ስላላቆየን ያማረውን ሰጠነው። ስለ ድሬው ዘፋኝ ስለ አሊ ቢራም እንዲህ እንዳይሆን ነው የምፈራው።

አሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አረፈ፤ የተቀበረውም እዚሁ፣ በተወለደባት ድሬዳዋ ነው። አንድ ቀን ፊልም ይሠራለታል፤ መሠራቱም ተገቢ ነው። ግን በየትኛው ቋንቋ? በኦሮምኛ ዘፈነ፣ በአማርኛ ዘፈነ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በአረብኛ ዘፈነ። ስሙ እንኳ ለአማርኛ ጆሮ ሌላ ነገር ነው። «ቢራ» በኦሮምኛ ክረምቱ ሲወጣ የሚመጣው የጠራ ወቅት ነው፤ ገና ልጅ ሳለ ከዘፈነው የመጀመሪያ ዘፈኑ ተወስዶ የወጣለት ስም። አማርኛ ብቻ የሚናገር ፊልም ስሙን ያጣዋል። ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ፊልም ደግሞ መጋላ ገበያ ውስጥ አራት ቋንቋ እየቀያየረ የሚነግደውን፣ አሊን ያበቀለውን ሰፈር ያጣዋል።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ነው። አፍራን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ ኪነት ቡድን በ1950ዎቹ በዚህ ከተማ ተቋቋመ፤ አሊም በልጅነቱ ተቀላቀለው። መንግሥት ቡድኑን አገደው፤ ከአባላቱ የታሰረ አለ፣ የተሰደደ አለ። ያው አሊ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ሄዶ በዚያው መንግሥት የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ ዘፈነ። ለፊልም ሠሪ ይህ ራስ ምታት ነው። ታጋይ ሊያደርገው የፈለገ ክብር ዘበኛን በአንድ ትዕይንት ያልፈዋል፤ የአንድነት ምልክት ሊያደርገው የፈለገ እገዳውን ይዘለዋል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ነው። ያንን የደንብ ልብስ የለበሰ ቀን ምን ተሰማው? ደመወዝ ፈልጎ ነው? ለሙዚቃው ብሎ ነው? ለዚህ መልሱ አንድ ቃል አይመስለኝም፤ ፊልም ደግሞ አንድ ቃል ይወዳል።

ስለዚህ ከፊልሙ በፊት ድምፅ እንሰብስብ። ካሴቱ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ በሙቀት እየተበላሸ ነው። በሠርግ ላይ አሊ ዑድ ሲጫወት ያዩት ልጃገረዶች ዛሬ አያቶች ሆነዋል። ዩኒቨርሲቲያችን፣ ባህል ቢሮው፣ ሬዲዮ ጣቢያው፣ የትኛውም ቢጀምር ችሎታው አላቸው። ባይጀምሩም ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ይችላል።

ባለፈው እሑድ የአጎቴ የድሮ የሥራ ባልደረባ ቤቱ መጥቶ ነበር። ስለ አሊ አነሳሁባቸው። አጎቴ መጀመሪያ የሰማው በኦሮምኛ ሲዘፍን እንደሆነ ይምላል፤ ሰውየው የለም፣ በአረብኛ ነው፣ አብረን ነበርን፣ አንተ ረስተኸው ነው ይላል። ስልኬን ሻይ መካከል አስቀምጬ መቅጃውን ከፈትኩ። አርባ ደቂቃ ተከራከሩ። በመጨረሻ ሰውየው ክርክሩን ትቶ ዜማውን ማንጎራጎር ጀመረ፤ አጎቴም ሁለተኛው ስንኝ ላይ «እሱ አይደለም፣ ቆይ» ብሎ አቋረጠውና ከመጀመሪያው ጀመረው።