የራስን ጭራቅ ከባዶ መሥራት ወይስ ያለውን መቀየር? (ክርክር)

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ ነው። አንዱ ሰው መሪ ይሆናል። ታሪኩን ይተርካል፣ ጭራቆቹንም እሱ ያንቀሳቅሳል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ይዘው ይገባሉ። ነገሩ ሲያጠራጥር ዳይስ ይወረወራል። በመጽሐፎቹ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጭራቆች አሉ። እንዲያም ሆኖ መሪ የሆነ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የራሱን መሥራት ያምረዋል።

ለሁለት ልምድ ላላቸው መሪዎች አንድ ሥራ ሰጠን። ሌቭል 3 ለደረሱ 4 ጀግኖች የሚሆን የጅብ ጭራቅ አዘጋጁ አልናቸው። ሠሪው ከባዶ ይሠራ ባይ ነው። ቀያሪዋ ደግሞ መጽሐፉ ላይ ያለውን ወስዶ መቀየር ይበቃል ትላለች። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የመጽሐፉ ጭራቆች ቁጥርና ሕግ የ2014ቱ እትም ነው።

ሠሪው

ከጅቡ ልጀምር። ፕሊኒ የሚባል የሮም ጸሐፊ ነበር፤ በ79 ቬሱቪየስ ሲፈነዳ የሞተው። ስለ እንስሳት ሲጽፍ፣ ጅብ በእረኞች መንደር እየዞረ የሰው ንግግር ያስመስላል ይላል። የአንዱን ስም ይለቅማል። ከዚያ በስሙ ጠርቶ ከቤት ያስወጣውና ይቦጫጭቀዋል። ጥርስ ያለው አውሬ ሞልቷል። ስሜን የሚያውቅ አውሬ ግን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ስለዚህ ሕጌን ከዚህ አነሳለሁ። ጅቡ በ60 ጫማ ርቀት ውስጥ የተጠራን ስም ይይዛል። የጠራውን ሰው ድምፅም አብሮ ይይዛል። በሚቀጥለው ሌሊት በዚያው ድምፅ አንዱን ይጠራዋል። የተጠራው የዊዝደም ሴቭ ይጥላል፤ ጥሪውን ለመቋቋም የሚወረወር ዳይስ ነው። 13 ካላመጣ በተራው ወደ ድምፁ ይሄዳል። ጥሪውን የሚሰማው እሱ ብቻ ነው።

አሁን ጠረጴዛው ላይ የሚሆነውን አስቢው። ተጫዋቾቹ ነገሩ አንዴ ከገባቸው ስም መጥራት ያቆማሉ። «አንተ»፣ «ስማ»፣ «ባለ ቀስቱ» መባባል ይጀምራሉ። ጨለማ ውስጥ ጓደኛቸው ሲጠራቸው አቤት ለማለት ያመነታሉ። ሰው አነጋገሩን እንዲቀይር የሚያስገድድ ጭራቅ መጽሐፉ ላይ ካለ አምጪልኝ።

ቁጥሩንም አልሸሽም። የጭራቅ ጉልበት የሚለካው በቻሌንጅ ሬቲንግ ነው፤ ሲአር እንበለው። ሲአር 3 ሲባል አራት ሌቭል 3 ጀግኖች ሳይሞቱ፣ ግን በደንብ ተፈትነው የሚያሸንፉት ማለት ነው። በ2014 የወጣው የመሪዎች መመሪያ ማስያ ሰንጠረዥ አለው። መከላከሉን ለብቻ፣ ማጥቃቱን ለብቻ ታወጪና አማካዩን ትወስጃለሽ። የእኔ ጅብ አርመር ክላስ (እሱን ለመምታት ዳይሱ መድረስ ያለበት ቁጥር) 13፣ ሂት ፖይንት (እስኪወድቅ የሚችለው ጉዳት) 80 አለው። ይሄ በመከላከል ሲአር 1 ነው። በየዙሩ ሁለቴ ይነክሳል፤ ለመምታት ዳይሱ ላይ +6 ይጨምራል፣ የእያንዳንዱ ንክሻ ጉዳት በአማካይ 17። ይሄ በማጥቃት ሲአር 5 ነው። አማካዩ 3። አለቀ።

ቀያሪዋ

ያለቀው ማን እንደሆነ ልንገርህ፣ ወንድሜ። ዊዛርዱ ነው።

ሌቭል 3 ላይ ያለ ዊዛርድ (አስማተኛ ጀግና)፣ ኮንስቲቱሽኑ (የአካል ጥንካሬው) 14 ቢሆን፣ ሂት ፖይንቱ 20 ገደማ ነው። ጅብህ ሁለቴ ነክሶ 34 ያወርድበታል። ልጁ ምናልባት ተራው ሳይደርሰው ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሥራው የሞት ሴቭ (ይተርፍ ወይ ይሙት የሚወስን ዳይስ) እየጣሉ መጠበቅ ነው። አማካዩ 3 ነው ብለህ አጽናናዋ።

ሰንጠረዡን እንዲህ አትመነው። የመጽሐፉ የራሱ ጭራቆች እንኳ አይከተሉትም። ኦገር ሲአር 2 ነው። ሰንጠረዡ ለሲአር 2 ከ86 እስከ 100 ሂት ፖይንት ይላል፤ ኦገር ያለው 59 ነው። ኢንተሌክት ዲቫወረርም ሲአር 2 ነው። እሱ ግን አንድ ሴቭ ከወደቀብህና ዳይሱ ከከፋ አእምሮህን ዜሮ አድርጎ ያስቀምጥሃል። ሻዶው ሲአር ½ ብቻ ነው። በመታህ ቁጥር ከጉልበትህ ይቀንሳል፣ ዜሮ ስትደርስ ትሞታለህ። ይሄን የትኛው አማካይ ይለካዋል? በ2024 የወጣው አዲሱ መመሪያ ሰንጠረዡን ጭራሽ ትቶታል። ያለውን ጭራቅ ነካ ነካ አድርጋችሁ ተጠቀሙ ነው የሚለው።

እኔም የምለው ይኸንኑ ነው። ግዙፍ ጅብ መጽሐፉ ላይ አለልህ። ሲአር 1፣ አርመር ክላስ 12፣ ሂት ፖይንት 45፣ ንክሻው በአማካይ 10። አንዱን ሲጥል ወዲያው ተንደርድሮ ሌላውን የሚነክስበት ሕግም አለው። ጅብ ጅብ ይሸታል። የሚጠራ ድምፅ ትፈልጋለህ? ሃርፒ የምትባል ዘፋኝ ጭራቅ አለችልህ። ዘፈኗን ሰምቶ 11 ያልጣለ ወደ እሷ ይሄዳል። የጅቡን ገላ ከሃርፒ ዘፈን ጋር አጋባው። ሁለት አድርገህም አምጣው፤ ለአራት ሰው ብቻውን የቆመ ጭራቅ ብዙ ጊዜ በቶሎ ይሸነፋል። እነሱ አራት ተራ አላቸው፣ እሱ አንድ። ሁለት ግዙፍ ጅብ ለአራት ሌቭል 3 ጀግኖች በ2014ቱ ስሌት ልክ መካከለኛ ፍልሚያ ነው።

ማሳተም ከፈለግክም ይመችሃል። ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ መሠረታዊው የሕግ ሰነድ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ክፍት ሆኗል። ጅቡም ሃርፒዋም እዚያ ውስጥ አሉ። ምንጩን ጠቅሰህ እንደፈለግክ ትቀይራቸዋለህ።

ደግሞ ፕሊኒን ጨዋታው ቀድሞህ ወስዶታል። በ1977 የታተመውን የመጀመሪያውን የጭራቆች መጽሐፍ ግለጥ። ሉክሮታ የሚባል የሰው ድምፅ የሚያስመስል አውሬ ታገኛለህ። ካቶብሌፓስም አለ። ፕሊኒ በምዕራብ ኢትዮጵያ ይኖራል ያለው፣ ዓይኑን ያየ ሁሉ የሚሞትበት ነው። ሰውየው ኢትዮጵያ ሲል ከግብፅ በታች ያለውን ምድር በሙሉ ማለቱ ነው፤ የእኛ ነው ብለን ቶሎ እንዳንኮራ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አይደል? ሮም ላይ አንጥፈውለታል።

ሠሪው

34ቱን በአንድ ሰው ላይ የቆለልሽው አንቺ ነሽ፣ እህቴ። ሁለቱ ንክሻዎች በአንድ ሰው ላይ አያርፉም ብዬ አንድ መስመር እጽፋለሁ። ዊዛርዱም ተራውን ያገኛል። ጅቡም በሰው መሃል እየተሽሎከለከ ይነክሳል፤ መልኩም ያምራል። ከባዶ ስሠራ እንዲህ ያለውን መስመር የሚከለክለኝ የለም።

ሃርፒን ስታመጪ ግን ዋናውን ነገር አጠፋሽው። የሃርፒ ዘፈን በዙሪያዋ ያለውን ሰው ሁሉ ይስባል። የእኔ ጅብ አንዱን ብቻ ነው የሚጠራው። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ሁሉም ከተሳበ ማን ማንን ይይዛል? አንዱ ብቻ ሲነሳ ሌሎቹ «ወዴት ነው?» ይሉታል። ይይዙታል፣ ይታገሉታል፣ ይጨቃጨቁታል። እሱ ደግሞ እናቱ ጠርታዋለች። ጨዋታው ያ ጭቅጭቅ ነው። ሌላው ደግሞ ዝግጅት ነው። ለሃርፒ ዘፈን ከወዲያኛው ቀን ተጠንቅቀሽ የምታደርጊው ብዙ ነገር የለም። ለእኔ ጅብ ግን አፍሽን መጠበቅ ትችያለሽ። ስምሽን ካሰማሽው ጥፋቱ የራስሽ ነው። ተጫዋች በራሱ ጥፋት ሲያዝ አያማርርም፤ ይስቃል።

መቀየርን ያን ያህል ካነሳሽ ታሪኩን እናውራው። ኦውልቤር፣ ቡሌት፣ ራስት ሞንስተር የሚባሉት የጨዋታው ታዋቂ ጭራቆች መነሻቸው ርካሽ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው። የጨዋታው አንድ ፈጣሪ ጌሪ ጋይጋክስ ነው የገዛቸው። ይሄን የቀያሪዎች ወገን ሁሌ ይጠቅሰዋል። ግን አሻንጉሊቱ የሰጠው መልክ ብቻ ነው። ብረት ነክቶ የሚያዝግ አውሬ የሚለው ሐሳብ ከሰው ጭንቅላት ነው የወጣው። በ2014ቱ እትም ራስት ሞንስተር ሲአር ½ ነው፤ ሂት ፖይንቱ 27። ድራጎን ፊት የማይንበረከክ ተዋጊ ግን እሱን ሲያይ የ1,500 ወርቅ ጥሩሩን ይዞ ይሮጣል። ያን ፍርሃት ሌላውን በመቀየር አታገኚውም።

ሌላም ጣጣ አለው። ቀይሩ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዌርዎልፍ (ተኩላ የሚሆን ሰው) ይወስዳል፣ ተኩላ የሚለውን ይሰርዛል፣ ጅብ ብሎ ይጽፋል፣ ስሙን ቡዳ ይለዋል። ይሄው ጭራቅ በብር መሣሪያ ወይም በአስማት ካልሆነ አይቆስልም። የነከሰውም ሰው እንደሱ ይሆናል። ይሄ የአውሮፓ ተኩላ ነው። ቡዳ የሚባለውን ወሬ እኛ የሰማነው በዓይን ይበላል ተብሎ ነው። የጅብ ቆዳ የለበሰ የሰው አገር ተረት ይዞ ባህላችን ነው ይላል።

ቀያሪዋ

እዚህ ላይ ቁም። ቡዳን በደንብ አልቀየሩትም እያልክ ነው። እኔ ደግሞ ጭራሽ አይነካም እላለሁ። በአንተም መንገድ፣ በእኔም መንገድ።

ጭራቅ ማለት ተጫዋቹ ሳያመነታ የሚገድለው ማለት ነው። ኤክስፒ (የልምድ ነጥብ) ይቀበልበታል፣ ያጨበጭባል። ቡዳ ግን ከተረት ደብተር የወጣ ፍጡር አይደለም። በሕይወት ያሉ ሰዎች ላይ የሚለጠፍ ክስ ነው። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ ተባለ። ቤተ እስራኤልም እንዲሁ ተባሉ። ማረሻውንና ምጣዱን ከእነሱ እየገዛ ልጁን ከእነሱ ዓይን የሚደብቅ አገር ነበር፤ ዛሬም አልጠፋም። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። አሁን አንተ ጠረጴዛህ ላይ መንደርተኛው «ቀጥቃጩ ነው ጅቡ» ብሎ ይመጣል። ጀግኖቹ ሄደው ይገድሉታል። ጨዋታው ደግሞ መንደርተኛው ልክ ነበር ይላል። ከተጫዋቾችህ አንዷ የሸክላ ሠሪ ልጅ ብትሆንስ? ወላጆቿ ከጎንደር እስራኤል የገቡ ብትሆንስ? እዚያ ወንበር ላይ ምን ብላ ትስቃለች?

ጥፋቱን ለመቀየር መስጠትህም ልክ አይደለም። ቡዳን ከባዶ፣ አሳምሮ፣ ዓይኑን ሳይቀር በሕግ ጽፎ የሚሠራ ሰው የባሰ ጉዳት ያደርሳል። ዌርዎልፉማ ቢያንስ የተኮረጀ መሆኑ ያስታውቃል።

ሠሪው

በዚህ አልከራከርሽም። የእኔ ጅብ ከጀርባው ሰው የለም። ቀን ጅብ ነው፣ ማታም ጅብ ነው። ይሄንንም መሪው እንዳይስት መግለጫው ላይ በግልጽ አሰፍራለሁ። ጅብ ለእኛ እኮ ጎረቤት ነው። ሐረር ላይ ማታ ማታ ሥጋ የሚያበሏቸው ሰዎች ጅቦቹን በየስማቸው ይጠሯቸዋል። ፕሊኒ ደግሞ ጅብ ሰውን በስሙ ይጠራል አለ። ከሁለቱ መሃል ግሩም ጀብዱ ይወጣል። ጅቡን ቀድመው በስሙ የሚጠሩ ተጫዋቾች ካሉ ይቁም፤ ይሄንንም እጨምራለሁ። በየትኛው ቀያሪ ሰንጠረዥ ውስጥ ትገኛለች ይቺ?

ቀያሪዋ

እሷ ታምራለች። አልዋሽህም፣ እሰርቅሃለሁ።

ግን ስለ ስሌትህ የጠየቅኩህን አልመለስክም። ያልተፈተነ ጭራቅ ይዘህ ገባህ። ስሌትህ ሳተና ጓደኞችህ በሁለተኛው ዙር መውደቅ ጀመሩ። ምን ታደርጋለህ? ብዙ ሠሪዎች የሚያደርጉትን አውቃለሁ። በጨዋታው መሃል ማንም ሳያይ ከጅቡ ሂት ፖይንት 30 ይቀንሳሉ። ተጫዋቹ ያሸነፈ መስሎት ይጨፍራል። ለእኔ ይሄ ማታለል ነው። ውጤቱን መሪው ከወሰነው ዳይሱ ምን ይሠራል? ግዙፉን ጅብ ሳመጣ 45 ካልኩ 45 ነው። ቢሞቱም ሞቱ፤ ቢያሸንፉም የራሳቸው ነው።

ሠሪው

እኔም ቁጥር አልነካም። መውጫውን አስቀድሜ እጽፋለሁ። ጅብ እስኪሞት የሚዋጋ አውሬ አይደለም። ሂት ፖይንቱ ከግማሽ ሲወርድ ይሸሻል። አንድ ሰው ከጣለ ደግሞ የጣለውን ጎትቶ ለመውሰድ ይሞክራል እንጂ የቆሙትን አይነክስም። ሁለቱም ከጨዋታው በፊት መግለጫው ላይ አሉ። ስለዚህ ስሌቴ ቢስት እንኳ ፍልሚያው ወደ ማሳደድ ይቀየራል። ጓደኛቸውን ለማስጣል ይሮጣሉ። ሁሉም በአንድ ቦታ አያልቁም። ተጫዋቾቹም የማያውቁት ነገር አልተደረገባቸውም፤ ጅብ የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ከሁለት ቀን በኋላ ቁስሉ ሽሮ፣ አሁን ደግሞ የሁሉንም ስም ይዞ ይመለሳል።

ቀያሪዋ

ጥሩ። ይሄንንም ሁለት መስመር ግዙፉ ጅብ ላይ መጻፍ ይቻላል። ዛሬ ማታ ላጫውተው ነው።