የልጄን ኦቲዝም ያመጣሁት እኔ አይደለሁም

ኦቲስቲክ ልጅ፣ ማለትም በንግግርና ከሰው ጋር በመግባባት ከሌሎች የሚለይ ልጅ፣ የምታሳድግ እናት ጥያቄ አያልቅባትም። በእርግዝናሽ ጊዜ ትናደጂ ነበር? ቶሎ ሥራ ገብተሽ ነው? ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጠሽው ነው? የሚጠይቁት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ልጄን የሚወዱ ዘመዶች ናቸው። ግን የሁሉም ጥያቄ መድረሻው እናት ናት። ይህ ወቀሳ ከየት መጣ ብዬ የኦቲዝምን ታሪክ ማንበብ ስጀምር ያስደነገጠኝ፣ ከሰፈር ወሬ አልፎ በታላላቅ ሐኪሞች ብዕር የተጻፈ መሆኑ ነው።

ሊዮ ካነር አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ የሚሠራ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ነበር። በ1943 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ 11 ልጆች በዝርዝር ጻፈ። ኦቲዝም ራሱን ችሎ መታወቅ የጀመረው በዚህ ጽሑፍ ነው ማለት ይቻላል። ግሩንያ ሱካሬቫ የምትባል የሶቪየት ሐኪም በ1925 ተመሳሳይ ልጆችን ገልጻ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ሰሚ አላገኘችም እንጂ። ካነር መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ከነባሕርያቸው የተወለዱ ናቸው አለ። ልክ ነበር። በ1949 ግን ወላጆቹን ቀዝቃዛ ብሎ፣ ልጆቹ በረዶው በማይቀልጥ ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጡ ያህል ናቸው ሲል ጻፈ። “ፍሪጅ እናት” የሚለው ስም እናቶች ላይ ተለጥፎ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቺካጎ ላይ ብሩኖ ቤተልሃይም ነገሩን አባሰው። እሱ ራሱ ከናዚ ማጎሪያ ካምፕ የተረፈ ሰው ነው። በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ኦቲስቲክ ልጆችን ከካምፕ እስረኞች ጋር አመሳሰላቸው። እንግዲህ ልጁ እስረኛ ከሆነ ጠባቂዋ ማን እንደሆነች መገመት አያቅትም። መፍትሔውም ልጁን ከወላጆቹ መለየት ነበር። እስቲ አስቡት፤ ሌሊቱን ሙሉ ከማይተኛ ልጅ ጋር ያደረች፣ አንዲት ቃል ከአፉ ለመስማት ዓመታት የጠበቀች እናት እርዳታ ፍለጋ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች፣ እሱም በሽታው አንቺ ነሽ ይላታል። ይህን ሳነብ አልቅሻለሁ።

ይህን ግንብ ካፈረሱት መካከል ወላጆች ነበሩበት። በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቦና ባለሙያም የኦቲስቲክ ልጅ አባትም ነበር፤ በ1964 ባወጣው መጽሐፍ መነሻው የአንጎል እንጂ የእናት ፍቅር ማነስ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ለንደን ውስጥ ደግሞ የአእምሮ ሐኪሟ ሎርና ዊንግ ነበረች። ልጇ ኦቲስቲክ ነበረች። በ1962 ከሌሎች ወላጆች ጋር ማኅበር አቋቋመች፣ በኋላም ከጁዲት ጉልድ ጋር ባደረገችው ጥናት ኦቲዝም ካነር ካሰበው በጣም ሰፊና ብዙ መልክ ያለው መሆኑን አሳየች። በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር መንትዮችን አጠኑ። የዘር ውርሳቸው አንድ ከሆነ 11 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲስቲክ ነበሩ፤ ከ10 ጥንድ የማይመሳሰሉ መንትዮች ግን ሁለቱም ኦቲስቲክ የሆኑበት አንድም አልተገኘም። የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ያኔ ግልጽ ሆነ። ካነር ራሱ በ1969 ወላጆች በተሰበሰቡበት ቆሞ ነፃ ናችሁ ብሏቸዋል። ሃያ ዓመት ዘግይቶ!

ወቀሳው ግን መልኩን ቀይሮ መጣ። በ1998 አንድሪው ዌክፊልድ 12 ልጆችን ይዞ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያገናኝ ጽሑፍ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። በ2010 ጽሑፉ ተሰረዘ፣ እሱም የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጠቀ። በዴንማርክ ከ650,000 በላይ ልጆችን የተከታተለና በ2019 የወጣ ጥናት በኩፍኝ ክትባትና በኦቲዝም መካከል ምንም ግንኙነት አላገኘም። ያም ሆኖ ዛሬም “አስከትበሽው ነው” የምትባል እናት አለች።

ለአስተዳደግ የጠቀመኝ ግን ሌላ የታሪኩ ክፍል ነው። ካነር በ1946 ስለ አንድ ልጅ ጽፏል። ልጁ ውሻም ሰገነትም በሌለበት “ውሻውን ከሰገነት አትወርውር” ይላል። ትርጉም የለሽ ይመስላል አይደል? ነገሩ ሲጣራ ከሦስት ዓመት በፊት ለንደን ሆቴል ውስጥ የአሻንጉሊት ውሻውን ሲወረውር እናቱ የተቆጣችው በዚያ ቃል ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር መወርወር ሲያምረው ራሱን የሚገስጸው በእሱ ነው። የእኔም ልጅ የሰማውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ሲደግም ዝም በል አልለውም። መቼና የት እንደሰማው ነው የማስበው።

ካነር በ1943 ከጻፈላቸው ልጆች የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ይባላል። ወላጆቹ በሐኪም ምክር ገና በሦስት ዓመቱ ተቋም አስገቡት፣ ሁኔታውን ሲያዩ ግን ኃላፊው እየተቃወመ ወደ ቤት መለሱት። በኋላ ገበሬ ባልና ሚስት ዘንድ ኖረ። ልጁ የበቆሎ መደዳ ደጋግሞ መቁጠር ይወዳል። እነሱም አልከለከሉትም፤ እያረስክ ቁጠር አሉት። ሲያድግ ኮሌጅ ጨረሰ፣ ባንክ ውስጥ ሠራ፣ በ2023 በ89 ዓመቱ አረፈ። በርግጥ ቤተሰቡ ሀብታም ነበር፣ ባንኩም የእናቱ ወገን ነው። ሁሉም ልጅ እንዲህ አይሆንለትም። ጨርሶ የማይናገሩ፣ ዕድሜ ልክ ድጋፍ የሚፈልጉ ብዙ ናቸው፤ እነሱም የሚሉት አላቸው። በሥዕል፣ በምልክት ወይም በታብሌት መግባባት ንግግርን ያዘገያል የሚባለውን ጥናት አይደግፈውም። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት “መጀመሪያ ይናገር፣ ከዚያ አምጪው” ሲል አልቀበልም። ሥዕሎቹን ይዞ ይግባ፣ መምህሩም አጠቃቀሙን ይማር።