የኩባንያ ቦርድ ላይ መቀመጥ ያሳስራል?

ነገሩን የቆሰቆሱት ጡረታ የወጡት መምህር ናቸው። ሕንድ አገር ቦፓል ከተማ ስለደረሰው የጋዝ አደጋ የሚተርክ ፕሮግራም ተመልክተው ስለነበር ገና ሳይቀመጡ ጀመሩ። «ያን ሁሉ ሕዝብ በጋዝ ፈጅተው ሁለት ዓመት? እሱንም በዋስ ወጥተው ቤታቸው ገቡ!»

ከመሀላችን አንዱ ሕግ የተማረው ሕንድ አገር ነው፤ አሁን ጠበቃ ነው። «ጋሼ፣ ታሪኩ እንዲያውም ከዚህ ይብሳል» አላቸው። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልተወራም። (ዓመቶቹን እሱ እንደጠራቸው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በ1984፣ ዲሴምበር 2 ለ3 አጥቢያ፣ ቦፓል ከተማ ካለው የዩኒየን ካርባይድ ኢንዲያ የፀረ ተባይ ፋብሪካ 40 ቶን ገደማ መርዛማ ጋዝ አመለጠ። ጋዙ የተከማቸበት ታንከር ውስጥ ውኃ ገብቶ ነበር። ማቀዝቀዣው ከጠፋ ቆይቷል። የሚያመልጠውን ጋዝ ማቃጠል የነበረበት ማማ ለጥገና ተፈትቷል። በፋብሪካው ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ድሆች አለቁ።

«የኩባንያው አለቆች መጀመሪያ የተከሰሱት እስከ 10 ዓመት በሚያስቀጣ አንቀጽ ነበር» አለ ጠበቃው። «በ1996 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክሱን ዝቅ አደረገው። ተከሳሾቹ ፋብሪካው ሰው እንደሚፈጅ ያውቁ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ የለም አለ። የቀረው በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው፤ የሱ ጣሪያ ሁለት ዓመት ነው። በጁን 2010 በሕይወት ያሉ ሰባት ሰዎች ተፈረደባቸው። አንዱ የቦርዱ ሰብሳቢ የነበሩት ታዋቂው ባለሀብት ኬሹብ ማሂንድራ ናቸው። ሁለት ዓመት እስራትና 100,000 ሩፒ። ወዲያው በዋስ ወጡ። ድርጅቱ ራሱ 500,000 ሩፒ ተቀጣ።»

«አሜሪካ ያለው የእናት ኩባንያው ዋና አለቃስ?» አለች ከመሀላችን አስመጪ የሆነችው።

«ዋረን አንደርሰን? አደጋው እንደደረሰ ቦፓል ሄዶ ተይዞ ነበር። በዋስ ለቀቁት፣ አገሩ ገባ፣ በዚያው ቀረ። በ2014 ሞተ።»

የሒሳብ ባለሙያው እስካሁን ዝም ብሎ ነበር። ራሱ የአንድ አክሲዮን ማኅበር ቦርድ አባል ስለሆነ ነገሩ ቆርቁሮታል። «በሰብሳቢው ላይ እንኳ አልስማማም» አለ። «የቦርድ ሰብሳቢ ታንከር አይጠብቅም። በዓመት ጥቂት ጊዜ ይሰበሰባል። የሚያነበው ሥራ አስኪያጁ አዘጋጅቶ ያመጣለትን ነው። ስላላየው ቧንቧ በምን ሒሳብ ይጠየቃል?»

«የትርፍ ድርሻውን በሚቀበልበት ሒሳብ ነዋ!» አለችው አስመጪዋ። ሁላችንም ሳቅን።

መምህሩ አልሳቁም። «ልጄ፣ ወጪ ቀንሱ የሚለው ትእዛዝ ከዘበኛው ነው የሚመጣው?»

ጠበቃው ገባ። ከሱ የገባኝን በአጭሩ ላስቀምጥ። በሕንድ ኩባንያ ራሱ በወንጀል ይከሰሳል። በ2005 በስታንዳርድ ቻርተርድ ባንክ ጉዳይ አምስት ዳኞች ተቀምጠው ሦስት ለሁለት ወሰኑ። ሕጉ እስራትም መቀጮም ቢያዝ ኩባንያ ከክስ አያመልጥም፤ መታሰር ስለማይችል መቀጮውን ይከፍላል። ሰውን መክሰስ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2015፣ በቴሌኮም ባለሀብቱ በሱኒል ባርቲ ሚታል ጉዳይ፣ ፍርድ ቤቱ ሁለት በር ብቻ ከፈተ። ዳይሬክተር የሚጠየቀው ወይ ራሱ በወንጀል ሐሳብ ሲሳተፍ ነው፤ ወይ ደግሞ ሕጉ ራሱ ዳይሬክተሩም ይጠየቃል ብሎ በግልጽ ሲጽፍ ነው። ድርጅቱ አጥፍቷልና አለቃውም አጥፍቷል ብሎ መደምደም አይቻልም።

«ይኸዋ!» አለ የሒሳብ ባለሙያው። «እኔስ ምን አልኩ?»

«ቆይ፣ አትቸኩል። ሕጉ በግልጽ ከጻፋቸው አንዱ ምን መሰለህ? ደረቅ ቼክ።»

አስመጪዋ ይሄኔ ነቃ አለች። የኩባንያ ቼክ ስንቅ አጥቶ ሲመለስ ባለገንዘቡ በ30 ቀን ውስጥ ማስጠንቀቂያ ይልካል። ኩባንያው በ15 ቀን ካልከፈለ የወንጀል ክስ ይመጣል። የሚከሰሰው ድርጅቱ ብቻ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ሥራውን ሲመራ የነበረ ሁሉ ነው። ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራት፣ ወይም እስከ ቼኩ እጥፍ የሚደርስ መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ነው።

«ሁለት ዓመት?» አሉ መምህሩ። «እንደ ቦፓሉ?»

«እንደ ቦፓሉ፣ ጋሼ። በ2010 ፍርዱ ሲሰጥ የሁለቱም ጣሪያ እኩል ነበር። ከጁላይ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው የቸልተኝነቱን ወደ አምስት ዓመት ያሳደገው።»

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ቆይቶ የሒሳብ ባለሙያው ቼኩንም ወደ ራሱ ጎተተው። «እንግዲህ የምፈራው ይሄንን ነው። ከሳሽ የቦርዱን ዝርዝር ይገለብጥና ሁሉንም ይከሳል።» እውነቱን ነው፤ ጠበቃውም አልካደም። ለዚህ ነው በ2005 ፍርድ ቤቱ ክሱ ላይ ሰውየው በወቅቱ ሥራውን ይመራ እንደነበር ካልተጻፈ ዳይሬክተር መባል ብቻ አይበቃም ያለው። ማኔጂንግ ዳይሬክተሩና ቼኩ ላይ የፈረመው ግን እንዲህ በቀላሉ አያመልጡም።

ወሬው ወደ ሕንዱ የሶፍትዌር ኩባንያ ወደ ሳትያምም ሄደ። በ2009 መሥራቹ በደብዳቤ ከ50 ቢሊዮን ሩፒ በላይ የሚሆን የሌለ ገንዘብ በመዝገብ እንዳሳየ አመነ። ቦርዱ ላይ ስመ ጥር ፕሮፌሰሮች ነበሩ፤ አንዳቸውም አልነቁም። በ2015 መሥራቹ ሰባት ዓመት ተፈረደበት። የ2013ቱ የኩባንያ ሕግ ደግሞ ገለልተኛ የቦርድ አባል የሚጠየቅበትን ልክ አስቀመጠ፦ በቦርዱ አሠራር በኩል ካወቀ፣ ከተስማማ ወይም ካልተጋ። አስመጪዋ «ካልተጋ» የሚለውን ስትሰማ «እሱማ ሁሉንም ያስራል» አለች። ለኔም እዚያ ላይ ነበር ቢያቆሙ የምወደው። ግን ወደ ቦፓል ተመለሱና ድምፅ ከፍ ከፍ አለ።

እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው። መምህሩ በቅጣቱ ልክ ናቸው፤ ለቦፓል ሁለት ዓመት ስድብ ነው። የሒሳብ ባለሙያው ደግሞ በመርሁ ልክ ነው፤ ሰውን በወንበሩ ብቻ ወንጀለኛ ማለት አይገባም። ግን እሱ የዘነጋው አለ። የ2015ቱ የሚታል ጉዳይ መርህ የሚያድነው ንጹሑን ብቻ አይደለም፤ ምንም እንዳይጻፍለት፣ ምንም እንዳይነገረው ያደረገውንም ያድናል። ማወቅ ካስጠየቀ፣ አለማወቅን የሚመርጥ ይበዛል።

ጠበቃው በመሀል የጣላትና ማንም ያላነሣለት አንዲት ነገር ነች መውጫዋ። ከቦፓል በኋላ፣ በ1987፣ ሕንድ የ1948ቱን የፋብሪካ ሕግ አሻሻለች። የኩባንያ ፋብሪካ ከሆነ በሕግ ፊት ባለይዞታው፣ ማለትም ለፋብሪካው ተጠያቂው፣ ከዳይሬክተሮቹ አንዱ እንዲሆን ደነገገች። በአደገኛ ሥራ ላይ የደኅንነት ግዴታውን ለጣሰ እስከ ሰባት ዓመት እስራት ተቀመጠ። ኩባንያዎች ተቃወሙ፤ አንድ ኃላፊ ሠራተኛ ብንሰይምስ አሉ። በዚያው በ1996 ፍርድ ቤቱ አይሆንም፣ ዳይሬክተር ነው የሚሆነው አለ። ሰውየው ተገቢውን ትጋት ማድረጉንና ጥፋቱ የማን እንደሆነ ካስረዳ ደግሞ ነፃ ይወጣ ነበር። ያ ሕግ በ2025 በሌላ ተተክቷል።

ይህ ከሌላው ሁሉ ይሻለኛል። ከሞት በኋላ ማን ያውቅ ነበር እየተባለ 26 ዓመት አይፈለግም። ስሙ አስቀድሞ ተጽፏል፤ እሱም ያውቀዋል። ድርጅቱ ደካማ ሰው ፈልጎ ያስቀምጣል የሚሉኝ ይኖራሉ። ሊያስቀምጥ ይችላል። ቢሆንም ያ ሰው ቦርድ ውስጥ ድምፅ አለው፤ ማቀዝቀዣው ይጥፋ ሲባል እኔ ነኝ የምታሰረው ብሎ ጠረጴዛ መምታት ይችላል። የጥገና ኃላፊው ይህን አይችልም።

በቼኩ ላይ ግን ልቤ ከሒሳብ ባለሙያው ጋር ነው። የፈረመውና ያዘዘው ይጠየቅ፣ ሌላው ይተው። ሕንድም በ2023 በአንድ ሕግ ብቻ በ42 ሕጎች ውስጥ ያሉ 183 ድንጋጌዎችን ከወንጀልነት አላልታለች። ለጥቃቅን የአሠራር ጥፋት ማላላቱ ደግ ነው። ወደ ጋዝ ታንከሩ እንዳይደርስ ብቻ።