«ለውጥ የለውም» ማለት ይከብዳል
ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «የዳሌ ስብራት ኦፕራሲዮን ቶሎ ቢደረግም ባይደረግም ለውጥ የለውም» ማለቱ ልክ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ሂፕ አታክ የተባለ ጥናት በ17 አገሮች 2,970 ታካሚዎችን ይዟል። በፍጥነት ከታከመው ቡድን ግማሹ ስብራቱ በታወቀ በ6 ሰዓት ውስጥ ነው ኦፕራሲዮን የገባው፤ በተለመደው አሠራር ከታከመው ቡድን ግማሹ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ነው። በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት በፍጥነት ከታከሙት 9 ከመቶ፣ በተለመደው አሠራር ከታከሙት 10 ከመቶ ናቸው፣ እዚህ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም። ግን ቶሎ የተሠራላቸው መቃዠቱ (አእምሮ ተምታቶ ሰውና ቦታ አለመለየቱ) ቀንሶላቸዋል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም እንዲሁ፣ ቶሎ ቆመውም ተራምደዋል። አያቴ የዳሌ ኦፕራሲዮን ወረፋ ስትጠብቅ እናቴን በሟች እህቷ ስም ትጠራት ነበር፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም! ደግሞ በጥናቱ «የተለመደ» የተባለው አንድ ቀን ነው። ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ለሚጠብቅ ሰው ጥናቱ «ችግር የለውም» አላለም።