«ተሻለዎት?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም

አክስቴ ሌሊት እግሯን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ሲሚንቶው ወለል ላይ ታሳርፋለች። የስኳር ሕመም የጎዳው ነርቭ እንደ ፍም ያቃጥላታል። ባሕር ዳር ውስጥ አብሬያት ሐኪም ዘንድ ስገባ ግን፣ «እማማ፣ ተሻለዎት?» ሲላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን»። እሱም የነርቭ ሕመም ማስታገሻውን፣ አሚትሪፕቲሊኑን፣ ይደግምላታል። መድኃኒቱ ረድቷት ይሁን ከጣና የሚነፍሰው አየር ቀዝቀዝ ብሎላት፣ የለየ ሰው የለም።

ውጭ አገር ያለው ልጇ የካናቢስ ዘይት ይሞከርላት እያለ ይደውላል። እኛ ዘንድ ሕጉ ይከለክላል፤ ክርክሬም እሱ ላይ አይደለም። በተፈቀደበት አገርም ጥያቄው የአክስቴው ነው። ካናቢስ ውስጥ ያሉት ቲኤችሲና ሲቢዲ የተባሉት ንጥረ ነገሮች በምን ያህል መጠን ለማን ይስማማሉ? አንዱን ያስታገሰ ሌላውን ያዞረዋል።

ለዚህ የአንድ ታካሚ ሙከራ የሚባል ዘዴ አለ። ታካሚው ለተወሰኑ ሳምንታት መድኃኒቱን፣ ለተወሰኑት ደግሞ መልኩ አንድ የሆነ ባዶ ክኒን ይወስዳል። ተራው በዕጣ ይወጣል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ እሱም ሐኪሙም አያውቁም። ዙሩ ይደጋገማል፣ ስሜቱ በየቀኑ በቁጥር ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በ1986 በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ጎርደን ጋያትና ባልደረቦቹ አንድ የአስም ታካሚን እንዲህ ሲፈትኑት፣ ቴዎፊሊን የተባለው መድኃኒቱ እያባሰበት እንደነበር ታወቀ። አስቡት፤ ይረዳኛል ብሎ የሚውጠው ነበር!

ካናቢስ ላይ ሙከራው ይከብዳል። ቲኤችሲ በሰውነት ስብ ውስጥ ስለሚቆይ በዙሮቹ መካከል ረጅም ዕረፍት ይፈልጋል፤ የሚያዞረው ታካሚም የትኛውን እንደወሰደ ይገባዋል።

እኛ ግን ካናቢስን መጠበቅ የለብንም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሐኪምም ፋርማሲስትም ያስተምራል፤ ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም በእጁ ነው። በየፋርማሲው ባለው የነርቭ ሕመም መድኃኒት ለምን አይጀምርም? ባዶ ክኒን የሚያዘጋጅ ፋርማሲስት፣ ዕጣ የሚያወጣ ሰውና ደብተር ካሉ ሥራው ይጀመራል። በሐኪም ክትትል መሆን አለበት እንጂ ማንም ቤቱ ተቀምጦ መድኃኒቱን አያቋርጥ።

ለአክስቴ ደብተር ገዛሁላት። በየማታው ለሕመሟ ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ትሰጣለች፣ እኔ እጽፋለሁ። «ይመስገን» ስትለኝ፣ «ይመስገን፤ ቁጥሩስ?» እላታለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ከሰባት ወርዶ አያውቅም። በቀጠሮዋ ቀን ሐኪሙ ገጾቹን አገላብጦ፣ ሊጽፍ ያነሳውን እስክሪብቶ መልሶ አስቀመጠና ስለ ሌሊቱ ይጠይቃት ጀመር።